ፊቱ ያልተቀባው ቤት

ይህን ነገር መጻፍ ይገባኛል ወይ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። በዶርማችን ያሉት ልጆች ሲጨዋወቱ የሚያነሡት ትልቅ ትልቁን ነው፤ አንዷ ከግንባር ስለተመለሰ ወንድሟ፣ ሌላዋ ከእናቷ ጋር በእግር ስላቋረጡት በረሃ ታወራለች። እኔ ያለኝ ያልተሳካ የሥራ ቃለ መጠይቅና አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። ደግሞ ሳስታውሰው ገሚሱ እንደ ሕልም ነው የሚመጣልኝ፤ ሰዎቹ ከጉም ውስጥ ይወጡና ጥቂት ተናግረው ተመልሰው ይገባሉ። ቢሆንም ከልቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ያልነበረ እንዳልጨምር እየተጠነቀቅኩ ልጻፈው።

በዚያን ጊዜ የምኖረው አምቦ፣ አክስቴ ዘንድ ነበር። የአባቴ እኅት ናት፤ በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምላት። በጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ቤቷ ከሁሉቃ ወንዝ ከፍ ብሎ በአንድ ረድፍ ከቆሙት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነው። ከመንገድ ለሚያየው ሰው የሚኖርበት አይመስልም። ምርጊቱ ረግፎ ጭዱ ወጥቷል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ እያጠበው ግድግዳው የጎን አጥንቱ የታየ በሬ መስሏል። በሩም ቀለም አይቶ አያውቅም።

በሩ ሲከፈት ግን ሌላ አገር ነው። አዳዳ የውስጡን ግድግዳ በእጇ አለስልሳ፣ ነጭ ልብስ የሚታጠብበትን ሰማያዊ ዱቄት ከኖራ ጋር በጥብጣ ቀብታዋለች፤ ቀለሙ ሰማዩ ሊነጋጋ ሲል ያለውን ይመስላል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ራሷ ሰፍታ፣ ራሷ ወጥራዋለች። ነፋስ ከቆርቆሮው ሥር ሲገባ አቡጀዲው ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይረግባል። በጀርባዬ ተኝቼ ሳየው ቤቱ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር፤ የእኔም ትንፋሽ ሳላውቀው ከእሱ ጋር ይሄዳል።

የረድፉ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚኖረው። ውስጡን ያሳምራል፣ ፊቱን አይነካም። ተሰብስቦ የወሰነው የለም፤ ልጅ መራመድ እንደሚለምደው ይለመዳል። ምክንያቱን አንዴ ብቻ ነው አዳዳ የነገረችኝ፣ እሱንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቤቶቹ ወደ ቀበሌ በዞሩ ሰሞን፣ በረድፉ ጫፍ ይኖር የነበረ አንድ ሰው ደጁን አረንጓዴ ቀባ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አደነቀለት። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ለቢሮ ይመቻል ተባለ፤ ሰውየውም ወንዝ ማዶ ሌላ ቤት ተሰጠው።

«አልጨከኑበትም፣ ተክተውለታል» አለችኝ አዳዳ። «ግን ልጆቹ የተወለዱት እዚያኛው ውስጥ ነበር።»

እኔ አምቦ የተቀመጥኩት ለትምህርት ነው። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤቴ ሳይበቃኝ ቀርቶ ነበር፤ እንደገና ለመፈተን የማታ ትምህርት እከታተላለሁ። አባቴ ደንዲ ውስጥ ገበሬ ነው። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን መጥቶ፣ ከአዳዳ በር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይቆጣ እንዲህ አለኝ፦

«ሰው በከተማ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ይበላሻል። እስከ ሰኔ ሚካኤል ሥራ ካገኘሽ፣ እየሠራሽ ተማሪ። ካላገኘሽ እኔም ለክረምቱ ሰው ያስፈልገኛል፤ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ደንዲ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እዚያ አስተማሪ የለም፤ ከአረምና ከከብት የሚተርፍ ጊዜም የለም። አንድ ክረምት ብዬ ብገባ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው መዝጋቴ ነበር። እሺ አባዬ አልኩ። እኔ ለሁሉም ሰው እሺ ነበር የምለው።

ጤና ጣቢያም፣ ማዘጋጃ ቤትም፣ ወፍጮ ቤትም ሳይቀር ጠየቅኩ። ሥራ የለም። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ድርጅት ወደ ጊንጪ መውጫ ያለውን የድሮ የእህል መጋዘን ተከራየ። ነጋዴ እንደ ልቡ ይነግድ የተባለበት ሰሞን ነበር። የሚሸጠው የቤት ማሳመሪያ ነው፤ የግድግዳ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ወለል ላይ የሚነጠፍ ፕላስቲክ። የመብራት ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ የከተማችን ስም በቀድሞ አጠራሩ ሀገረ ሕይወት ተብሎ ተጽፏል፤ በር ለበር እየዞሩ የሚሸጡ፣ ጥሩ ጠባይ ያላቸው፣ ኦሮምኛ የሚችሉ ወጣቶች እንፈልጋለን ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ጥሩ ጠባይ የሚለው ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ።

በቀጠሮው ቀን አዳዳ ቀሚሴን ተኩሳ፣ ጸጉሬን ቅባት ቀብታ፣ በር ላይ አቁማ መከረችኝ።

«ሳይጠይቁሽ አትናገሪ። ሲጠይቁሽ ደግሞ ቶሎ አትመልሺ፤ ቀባጣሪ ትመስያለሽ። ትንሽ ቆይተሽ፣ አስበሽ።»

«እሺ አዳዳ።»

መጋዘኑ ገና የጤፍ ሽታ አልለቀቀውም፤ የቀለሙ ሽታ በላዩ ተደርቦበታል። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን እንደ ቀጭን ዘንግ ከላይ እስከ ታች ቆሟል፤ በውስጡ የእህል ብናኝ ይዋኛል። የቀለም ጣሳዎቹ ተደራርበው እንደ ግንብ ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ሹራብ የለበሱ፣ ጫማቸው የሚያበራ ሰውዬ። ከአዲስ አበባ የመጡት ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ከእኔ ሌላ አንድ ልጅ አለ፤ ከእንጭኒ የመጣ፣ የሰው ከረባት ያሰረ። ሰውየው ጊዜ የለኝም ብለው ሁለታችንን አንድ ላይ አስገቡን።

«ጓድ፣ እንደምን አደሩ» አለ የእንጭኒው ልጅ።

«ጓዱን ተወው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አቶ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ ጓድ አቶ።»

ሰውየው ሊቆጡ ፈልገው ሳቃቸው ቀደማቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ቤት ስታዪ፣ መጀመሪያ የምታዪው ምኑን ነው?»

የአዳዳን ምክር አስታወስኩ። ቆየሁ። አሰብኩ። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ሲወርድ አየሁ።

«ተኝተሻል እንዴ?»

«ጭሱን ነው» አልኩ።

«ጭሱን?»

«ጭስ ካለ ሰው አለ ማለት ነው። ከሌለ አላንኳኳም።»

«እኔ ውሻውን ነው የማየው» አለ የእንጭኒው ልጅ። «የታሰረ እንደሆነ።»

«ፊቱን!» አሉ ሰውየው፣ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ቤት እንደ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ ነው። እኛ የምንሸጠው ፊት ነው።»

አንድ ትልቅ አልበም ከፈቱልን። የቤት ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ሮዝ ቤት፣ ቢጫ ቤት፣ መስኮቱ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ቤት። በየደጁ ሣር አለ። በአንዱም ሥዕል ላይ ግን ሰው የለም፤ የተሰጣ ልብስ የለም፣ በር ላይ የተቀመጠ የለም። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የት ሄደው ይሆን እያልኩ ገጹን ስገልጥ የሰውየው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ።

«ሥራው ቀላል ነው። በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። ጉድለቱን ታሳዪዋለሽ። ግድግዳህ ተልጧል፣ በርህ ነጥቷል ትዪዋለሽ። ያፍራል። ሲያፍር ይገዛል።»

«ሰው ቤት ሄጄ?» አልኩ፣ ሳልቆይ።

«ታዲያ የት ሄደሽ? እስቲ አሁን ለእኔ ሽጪልኝ። እኔ ባለቤት ነኝ፤ ይኸው በሬ ላይ ነሽ።»

ብድግ ብዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ አንኳኳሁ።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልተኒ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ከብቶቹስ? ሰፈሩስ? ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ?»

«ከብት የለኝም። ወደ ቀለሙ!»

«ጋሼ፣ ገና ግቢ አላሉኝም እኮ።»

የእንጭኒው ልጅ ፊቱን በከረባቱ ሸፈነ። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው ግንባራቸውን አሹ። እኔ በደንብ የመለስኩ መስሎኝ ነበር፤ ማስታወቂያው ኦሮምኛ ብሎ ስለነበር ያንንም ጨምሬበታለሁ።

በመጨረሻ ወጥተን በተግባር እንይ አሉ። የእንጭኒውን ልጅ ወደ ገበያው ላኩት። «አንቺን ግን እኔ ራሴ አያለሁ። የሚያውቁሽ ሰዎች የት ነው የሚኖሩት? አንድ ፊት ብቻ ሽጪ። አንድ ቤት ፊቴን ልቀባ ካለ ሥራው ያንቺ ነው።»

የማውቀው ረድፋችንን ነው። ወደዚያ ወሰድኳቸው። ፊት መሸጥ የማይቻልበት ቦታ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን ጠየቁኝ፣ መለስኩ። በመንገድ ላይ ጉሙ ከወንዙ እየወጣ የጋሪዎቹን መንኮራኩር ሸፍኖታል፤ ፈረሶቹ በደመና ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ሰውየው ከጎኔ እየሄዱ ስለ ቀለም ይነግሩኛል፤ ቀለም ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ፣ ከተማን እንዴት እንደሚለውጥ። ያምኑበት ነበር፤ የልባቸውን እንደሚናገሩ ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። እኔም ሰሚ ስሆን የሰማሁትን ሁሉ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ቤት የቅቤ ነጋዴዋ ነው። ሰውየው ደጅ ቆመው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረመሩ።

«እመቤቴ፣ ይህ ግድግዳ እንደሚያዩት—»

«ግቡ! ግቡ እንጂ!» አለች ቅቤ ነጋዴዋ፣ ክንዳቸውን ይዛ። «ደጅ ቆሞ ወሬ ምንድን ነው? ጠላት ነን እንዴ?»

ውስጡ ቀይ ነበር። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘውን ቀይ አፈር ነፍታ፣ በወተት ለውሳ ቀብታዋለች፤ ምድጃው ሲነድ ግድግዳው ሁሉ የከሰል ፍም ይመስላል። እርጎ ቀዳችልን። ሰውየው ሥራ ላይ ነኝ አሉ።

«ካልጠጡ ቤቴን ጠሉት ማለት ነው።»

ጠጡ። ሲጨርሱ ደገመችላቸው።

«ለምን አትናገሪም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ገና እየጠጣን ነው፣ ጋሼ።»

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ቤት ገባን። የእሳቸው ግድግዳ ጨርቅ ነው፤ ከሰፉት ልብስ ሁሉ የተረፈውን ቁራጭ እያጋጠሙ ከጣሪያ እስከ ወለል ለብጠውታል። የሠርግ ሐር ከካኪ ጎን፣ የሕፃን ልብስ ከካፖርት ጎን። እዚያ ስቀመጥ ሁልጊዜ የከተማው ሰው በሙሉ ዙሪያዬን ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስለኛል። የእኔ የትምህርት ቤት ቀሚስ ቁራጭም ከመስኮቱ ሥር አለ። ሰውየው በጣታቸው እየነኩ ዞሩ። ቆሎ ቀረበ። ከቆሎው በኋላ፣ ጊዜው ደርሷል ብዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ የቤቱ ፊት...»

ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ ተመለከቱኝ። «ፊቱ ምን ሆነ?»

«ትንሽ ተልጧል» አሉ ሰውየው ቀድመውኝ።

«አዎ።»

«ዝናብ ያጠቃዋል እኮ።»

«ያጠቃዋል።»

«ታዲያ አይቀባም?»

«ፊቱ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ቆሎውን ወደ እንግዳው አስጠጉት። «ይዝገኑ፣ ይዝገኑ።»

ሰውየው እኔን አዩኝ። እኔ ቆሎውን አየሁ። ምክንያቱን ለሰው አገር ሰው መናገር አይቻልም ነበር። ስለ ቀበሌ ማውራት ይሆናል፤ ስለ ቀበሌ ደግሞ ከማን ጋር እንደምታወሪ ሳታውቂ አይወራም። ሽማግሌው አልተናገሩትም፣ ቅቤ ነጋዴዋ አልተናገረችውም። እኔ እንዴት ልናገረው እችላለሁ?

አዳዳ ቤት ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ጀመረ። እሷ ከሥራ ገብታ ነበር። እንግዳ ነው ስላት ሌላ አልጠየቀችም፤ መደብ ላይ አስቀምጣ በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ በቀንድ ማንኪያ አቀረበችላቸው። ሰውየው አሁን አልተከራከሩም። እየበሉ ሳለ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ አቡጀዲው ይነፋል፣ ይረግባል። ግድግዳው በዚያ ጨለማ ውስጥ ከራሱ የሚወጣ ብርሃን ያለው ይመስላል። ሰውየው አንድ ነገር ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈቱ። ሳይጠይቁ ራሳቸው ዘንበል አለና ተኙ።

አዳዳ ጋቢ አለበሰቻቸው። የሚያበራውን ጫማቸውን አውልቃ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠች።

«አለቃሽ ይሄ ነው?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ገና አልሆነም።»

«ሲተኛ ጥሩ ሰው ነው።»

ሁለታችንም እሳቱ አጠገብ ተቀመጥን። ከዚያ ቀን የማልረሳው ይህን ሰዓት ነው። ቃለ መጠይቄ መደቡ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ ዝናቡ ቤቱን ከበበው፤ የሰውየው ትንፋሽና የኮርኒሱ ትንፋሽ አንዴ ይቀዳደማል፣ አንዴ ይገናኛል። ምንም የሚጠየቅ፣ ምንም የሚመለስ ነገር አልነበረም። እንዲሁ ቢቀር ደስ ባለኝ።

ሲነቁ ያሉበትን አጡት። ለአፍታ ፊታቸው የሕፃን ሆነ። «እናቴ ቤት ያለሁ መስሎኝ» አሉና አፈሩ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ደጅ ቆመው ፊቱን ሲያዩት ግን የተናደዱ መሰሉ፤ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ።

«እንዲህ ያለ ቤት እንዲህ ያለ ፊት ይዞ! ግፍ ነው! ነገ ጠዋት ቀለም ይዤ እመጣለሁ። በነፃ፣ ስጦታዬ ነው። አንቺ ራስሽ ትቀቢዋለሽ። ሰፈሩ ሁሉ አይቶ ይቀናል፤ ከዚያ ሁሉም ይገዛል። ፈተናሽ ይሄ ነው። ስትጨርሺ ሥራ ጀመርሽ ማለት ነው።»

አዳዳ እግዜር ይስጥልኝ አለች። እንግዳ የሰጠውን እንቢ አይባልም። ሰውየው ከሄዱ በኋላ ዕቃ ስታጥብ ቆየች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«ቀቢው፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ ነሽ። ቤት እንደሆነ ሊወስዱት ከመጡም ሌላ ይሰጡኛል። አባትሽ ከወሰደሽ ግን አትመለሺም።»

«ላይመጡም ይችላሉ» አልኩ።

«ላይመጡም ይችላሉ» አለች። ጣሳውን ደጋግማ አጠበችው።

በማግስቱ ሰውየው ገና ጉሙ ሳይነሣ ቀለም ይዘው መጡ። ቀለሙ የበሰለ ሎሚ ነው። ጣሳው ሲከፈት በዚያ ግራጫ ጠዋት ከመሬት ፀሐይ የወጣ መሰለ። ሰውየው ብሩሹን ሰጡኝና ራቅ ብለው ቆሙ። ጎረቤቶቹ በየበራቸው ወጥተዋል። ቅቤ ነጋዴዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ልብስ ሰፊው ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አዳዳ ወደ ሥራ አልሄደችም፤ በሩን ዘግታ ውስጥ ነበረች።

ብሩሹን ነከርኩ። ከግድግዳው ፊት ቆምኩ። ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ፤ ፊቱ ቢጫ ሆኖ፣ ሰው እያለፈ ሲያደንቅ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ደጁን ሲለኩ። አዳዳ አቡጀዲውን ከጣሪያው ስትፈታ። ደግሞ ሌላውም ታየኝ፤ እኔ ደንዲ ላይ ጤፍ ውስጥ አጎንብሼ። ቀለሙ ከብሩሹ ጫፍ ጠብ አለ። ጣሳውን አነሣሁና ቤቱን ዞርኩ። ወስኜ ነው ለማለት አልደፍርም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ።

የአዳዳ ቤት ጓሮ ወደ ሁሉቃ ይመለከታል። ከጓሮው ግድግዳ ማዶ ቁልቁለቱና ውሃው ብቻ ነው፤ መንገድ አያልፍበትም። እዚያ ጀመርኩ። ትልልቅ ቦታ እየሸፈንኩ፣ እጄ እስኪዝል ቀባሁ። ሰውየው እየተከተሉኝ መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየቀባሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄ ጓሮ ነው!»

«አዎ።»

«ጓሮ ማን ያየዋል?»

«እኛ እናየዋለን።»

ቀረብ አሉኝ። አልጮኹም። «ትናንት ሁላችሁም አንድ ነገር ደብቃችሁኛል። ምንድን ነው? ንገሪኝና ሥራውን እሰጥሻለሁ።»

ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ሰው ጠይቆኝ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልብስ ሰፊው ከቤቱ ጥግ ብቅ ብለው ቆመው አየኋቸው።

«ፊቱ ደህና ነው» አልኩ።

ሰውየው ቢጫውን ግድግዳ ረጅም ጊዜ አዩት። ገብቷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ንግድ በጓሮ አይሆንም፣ እኅቴ» አሉ። «ቀለሙን ጨርሺው፤ ስጦታ ስጦታ ነው። ሥራው ግን አይሆንም።»

የእንጭኒው ልጅ ለአንድ ሻይ ቤት የበር ቀለም ሸጦ ሥራውን አገኘ። በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጓድ አቶ ሰላም ብሎሻል» አለኝ። ከረባቱን አሁን የራሱ አድርጎታል።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ልብሴንና መጻሕፍቴን በአንሶላ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። አባቴ ረፋዱ ላይ በፈረስ መጣ፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ ምሳውን በላ፣ ስለ ዘር አወራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሥራውስ?»

«አላገኘሁም፣ አባዬ።»

«ሳይጠሩሽ ቀሩ?»

«ጠርተውኝ ነበር። ቤት ቀቢ አሉኝ።»

«አትችዪም?»

«እችላለሁ። የአዳዳን ቤት ፊት ነው ቀቢ ያሉኝ።»

አባቴ ቀና አለ። አዳዳን አያት። እሷ ወደ ምድጃው ዞራ አመድ ትቆሰቁሳለች።

«ቀባሽው?»

«ጓሮውን ቀባሁ።»

አሳዪኝ አለ። ይዤው ዞርኩ። ፀሐይ ከደመና ወጥታ ግድግዳው ላይ አርፋ ነበር፤ ከታች የሁሉቃ ውሃ ጎርፎ ይጮኻል። አባቴ በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረገው።

«ዝናብ አያስለቅቀውም?»

«አያስለቅቀውም ብለዋል።»

ጥፍሩን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ፣ ከዚህ ነገር ጋር የማይገናኝ በሚመስል ድምፅ፣ «ያንን ዳማ ፈረሴን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሲኖር ታጥቦ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አስታወስኩ። በዚያ ቀን ሁልጊዜ ጭቃ እንደተለቀለቀ፣ ጭራው እንደተቋጠረ፣ ከበረቱ ጥግ ነበር የሚታሰረው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

«እንግዲህ» አለ አባቴና ወደ ቤት ገባ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሊሄድ ተነሣ። ከከተማ የገዛውን ጨውና ሳሙና ኮርቻው ላይ አሰረ። እኔም ጥቅሌን አንሥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ልቤ እንዳይታይብኝ የፈረሱን አንገት አያለሁ።

«ይህን ምን ልታደርጊው ነው?» አለኝ።

«ልንሄድ ነው ብዬ...»

«አስገቢው። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ መጽሐፉ ይበሰብሳል።» ለአዳዳ በኦሮምኛ፣ ለአረሙ የወንድሙን ልጅ እንደሚጠራ ነገራት። ፈረሱ ላይ ወጣና ልጓሙን ሳብ አደረገ። «ነጋቲ። ሁለታችሁም ደህና ሁኑ።»

ጥቅሌን እንደያዝኩ ቆሜ፣ ወደ ጊንጪ በሚወስደው መንገድ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ አየሁት። ማክሰኞ ነበር፤ ሰኔ 12 ቀን 1982 ዓ.ም.።